ባዶዋን ሰዓት መሙላት፦ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ባንድ እንዴት ይመርጣሉ? ዝርዝሩ ውስጥስ እንዴት ይገባል?

የፌስቲቫል ፖስተር በወጣ ቁጥር ያልተመረጡት የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «በምን በልጠውን ነው?» ጥያቄው ከሥሩ ስቷል። ፌስቲቫል የደረጃ ውድድር አይደለም፤ ባንዶችን ከአንደኛ እስከ መቶኛ የሚያስቀምጥ ዳኛም የለም። መራጩ ፊት ያለው ሠንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ መድረክ፣ ሰዓት፣ ገንዘብ። ሥራው ባዶዎቹን ሰዓቶች መሙላት ነው። ለምሳሌ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሁለተኛው መድረክ፣ 50 ደቂቃ፣ 4,000 ዩሮ፣ «ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሳ፣ ከኋላው የሚመጣውን የማይመስል» ተብሎ የተያዘ ቦታ አለ እንበል። ለዚያች ሰዓት የሚገጥም ባንድ ይገባል፤ ከሱ የሚበልጥ ግን የማይገጥም ይቀራል። እንግዲህ የባንዱና የማናጀሩ ሥራ «እኛ ጎበዞች ነን» ማለት ሳይሆን ለየትኛው ባዶ ሰዓት መልስ እንደሆኑ ማወቅና ማሳየት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በምሥራቅ አፍሪካ ፌስቲቫሎች ላይ መጫወት ለሚፈልጉ ባንዶች ነው። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ በሩን ለዩ

ትልልቆቹ የንግድ ፌስቲቫሎች የሚገዙት በኤጀንት በኩል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኢንዲዮ የሚካሄደውን ኮቻላን የሚያዘጋጀው ጎልደንቮይስ የሚደራደረው ድምፃውያኑን ከወከሉ ኤጀንሲዎች ጋር ነው። እንዲህ ወዳለው ቦታ ያለ ኤጀንት የተላከ ኢሜይል ተከፍቶ መነበቡም ያጠራጥራል። ጊዜያችሁን እዚያ አታባክኑ።

አንዳንዱ ፌስቲቫል ከውጭ አንድ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ብዙ ነው። ግላስተንበሪ በ1970 በእንግሊዝ ሱመርሴት፣ በማይክል ኢቪስ እርሻ ላይ ተጀመረ፤ ዛሬ ከመቶ በላይ መድረኮች አሉት። ትልቁን ፒራሚድ መድረክ የሚሞላው ሰው ቀድሞ «ጃዝ ወርልድ» ይባል የነበረውን ዌስት ሆልትስን ከሚሞላው ይለያል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። «ለግላስተንበሪ አመለከትን» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። የየትኛው መድረክ መራጭ ጋ ደረሰ? ጥያቄው እሱ ነው።

በግልጽ ጥሪ የሚመርጡም አሉ። በዛንዚባር፣ በስቶን ታውን አሮጌው ምሽግ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ በየፌብሩዋሪው የሚካሄደው ሳውቲ ዛ ቡሳራ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የምርጫ ኮሚቴ አለው። የሚያስገባውም በቀጥታ የሚጫወትን ብቻ ነው። ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀረጸ ሙዚቃ፣ ይዞ የሚመጣ ድምፃዊ ቢዘፍንም አይገባም። ለምሥራቅ አፍሪካ ባንድ ከሁሉ የቀረበው በር ይህ ነው፤ የአውሮፓ መራጮችም እዚያ እየመጡ ስለሚያዩ አንድ ጊዜ መጫወት ሁለት ሥራ ይሠራል።

እንግሊዝ ወይም አየርላንድ ያላችሁ ልጆች ደግሞ የግላስተንበሪ የአዳዲስ ተሰጥኦዎች ውድድር አለላችሁ። በነፃ ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። የሙዚቃ ጸሐፊዎች አጣርተው ረጅም ዝርዝር ያወጣሉ፣ ከዚያም ጥቂቶች ለፍጻሜ ይቀርባሉ። ለአሸናፊው ከዋናዎቹ መድረኮች በአንዱ ላይ ቦታና 5,000 ፓውንድ ተሰጥቷል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ማመልከት ግን አይቻልም።

እንግዳ መራጭ የሚጋብዙም አሉ። ከ1993 ጀምሮ በለንደን ሳውዝባንክ ሴንተር የሚካሄደው ሜልትዳውን በየዓመቱ ለአንድ ሙዚቀኛ ዝግጅቱን ያስረክባል። በኔዘርላንድ፣ ዩትሬክት የሚካሄደው ለ ጌስ ሁም እንግዳ መራጮች አሉት። እዚህ መግቢያው ማመልከቻ ሳይሆን የዚያ ሙዚቀኛ ጆሮ ነው።

በመጨረሻ የሙዚቃ ገበያዎቹ አሉ። ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው ዎሜክስ፣ በኬፕ ቨርዴ ፕራያ የሚደረገው አትላንቲክ ሚዩዚክ ኤክስፖ፣ በራባት የሚደረገው ቪዛ ፎር ሚዩዚክ የዚህ ዓይነት ናቸው። ተመልካቹ የፌስቲቫል መራጭና ኤጀንት ነው፤ 45 ደቂቃ አካባቢ ትጫወታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ የአውሮፕላኑም ወጪ ከባንዱ ኪስ ነው። ስለዚህ እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ቁጠሩት። ከመሄዳችሁ ሁለት ወር በፊት ለሃምሳ መራጮች «በዚህ ሰዓት እዚህ መድረክ ላይ ነን» ብላችሁ ካልጻፋችሁ የምትጫወቱት ለአላፊ አግዳሚ ነው።

ስለ ማጭበርበር አንድ ነገር። የማመልከቻ ክፍያ መጠየቅ ብቻውን የሌባ ምልክት አይደለም፤ በቴክሳስ ኦስቲን የሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስትም ያስከፍላል። «ተመርጣችኋል፤ የቪዛ ደብዳቤ ለማውጣት ይህን ያህል ላኩ» የሚል ሲመጣ ግን ሌባ ነው። እውነተኛ ፌስቲቫል ከመረጠው ባንድ ገንዘብ አይቀበልም።

2. የመራጩን ዓመት ከራሳችሁ ዓመት ጋር አስማሙ

ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ ላይ የሚካሄድ የአውሮፓ ፌስቲቫል ሠንጠረዥ በግምት እንዲህ ይሞላል። በፖስተሩ አናት የሚሰፍሩት ስሞች ከ12 እስከ 18 ወር ቀድሞ ድርድር ይጀመርባቸዋል። መካከለኛው መስመር ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ይያዛል። ትንንሾቹ መድረኮች ከዲሴምበር እስከ ማርች ይሞላሉ። ከኤፕሪል በኋላ የሚቀረው ቀዳዳ የተተኪ ቦታ ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ ስትቆጥሩ የመጀመሪያው ኢሜይል መውጣት ያለበት ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ነው። በጣም የተለመደው ስህተት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለመጪው ክረምት መጠየቅ ነው፤ የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው።

የኛ አቆጣጠርና የነሱ ወቅት በአንድ በኩል በጥሩ ሁኔታ ይገጥማል። የአውሮፓ የፌስቲቫል ወራት የሚውሉት በኛ ክረምት ነው፤ ሰርግ የለም፣ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ባንዱ ሲወጣ የሚያጣው ገቢ ትንሽ ነው። በሌላ በኩል የእንቁጣጣሽ ኮንሰርት ስላለ ኦገስት መጨረሻ ላይ መመለስ ግድ ይሆናል። የሳውቲ ዛ ቡሳራ ጉዞ ደግሞ ከጥር ሰርግ ጋር ይጋፋል። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ለሰርግ ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ ፌስቲቫሉን ከመቀበላችሁ በፊት እወቁት።

በደብዳቤ ላይ ሰዓትና ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «10 ሰዓት» ስትሉ እናንተ 16:00 ማለታችሁ ነው፤ እነሱ ረፋዱን ይረዱታል። ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ጻፉ።

3. ገንዘቡ የት እንደሚሄድ

ከአርቲስት በጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት በፖስተሩ አናት ያሉት ጥቂት ስሞች ናቸው። ከዚያ በታች ፊደሉ እያነሰ ሲሄድ ክፍያውም አብሮ ያንሳል። የፊደሉ መጠንና የስሙ ቅደም ተከተል ራሱ ኤጀንቶች የሚደራደሩበትና ውል ላይ የሚሰፍር ጉዳይ ነው። ገንዘብ ብቻውን ግን አይወስንም፦ ግላስተንበሪ ለትልልቆቹ ስሞች የሚከፍለው ከሌሎች ትልልቅ ፌስቲቫሎች እጅግ ያነሰ እንደሆነ አዘጋጆቹ በይፋ ተናግረዋል። ሙዚቀኞቹ የሚሄዱት ለስሙና ቢቢሲ ስለሚያስተላልፈው ነው።

ብዙ ጀማሪ ማናጀር የማያውቀው ነገር የክልከላ አንቀጽ ነው። ፌስቲቫሉ ከፍሎ ሲያስመጣችሁ በአቅራቢያው በሌላ መድረክ በርካሽ እንዳትታዩ ይከለክላል። በ2018 በኦሪገን በተከፈተ ክስ የኮቻላ አንቀጽ ይዘት ለአደባባይ ወጥቶ ነበር፦ ከዲሴምበር 15 እስከ ሜይ 1 በመላው ሰሜን አሜሪካ በሌላ ፌስቲቫል፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ደግሞ ትኬት በተሸጠበት ኮንሰርት መጫወት ይከለክላል። የመካከለኛ ፌስቲቫሎች አንቀጽ ለዘብ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የኪሎ ሜትርና የሳምንት ገደብ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ሳምንት፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ ዓመት ከተማ የሐበሻ ኮንሰርት ለመሥራት ቃል ገብታችሁ ከሆነና በዚያው አካባቢ የፌስቲቫል ጥያቄ ከመጣ ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ቀድማችሁ ንገሩ፤ መራጩ ከፌስቡክ ፖስተር ላይ ካገኘው ቂም ይይዛል። «የሐበሻው ዝግጅት የኛን ገዢ አይነካም» ብሎ በጽሑፍ የሚፈቅድም አጋጣሚ አለ።

4. መራጩ የሚያየው

መጀመሪያ የሚያየው ባንዱ በቀጥታ ሲጫወት ነው። ቀጥሎ ትኬት ያያል። በዩቲዩብ ያለ ሚሊዮን ተመልካች ያን ያህል አያስደምመውም፤ ተመልካቹ አዲስ አበባ፣ ሪያድና ዱባይ ከሆነ ቤልጂየም ላለ ሜዳ ምን ይጨምራል? «ባለፈው ኖቬምበር በርሊን 250 ሰው የሚይዝ ክለብ ሞላን» የሚል አንድ መስመር ከሚሊዮኑ ይበልጣል። ከስፖቲፋይና ከዩቲዩብ ዳሽቦርድ የአድማጭ ከተሞችን ዝርዝር አውጡ፤ የፌስቲቫሉ አገር ከተማ ካለበት ያንን ብቻ ጥቀሱ፣ ከሌለበት ዝም በሉ።

የዲያስፖራው ሕዝብም እንደምናስበው አይቆጠርም። መራጩ የሚያስበው፣ ለሌሊት ኮንሰርት አዳራሽ የሚሞላው ሐበሻ ለአንድ ድምፃዊ ብሎ የሦስት ቀን ትኬትና ድንኳን አይገዛም ብሎ ነው። አልተሳሳተም። ስለዚህ «የኛ ሰው ይመጣል» የሚል ክርክር አታቅርቡ፤ የማያውቃችሁ ሰው ፊት ስትጫወቱ ምን እንደሚሆን አሳዩ።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። በአንድ ቀን ሁለት የብራስ ባንድ፣ ሁለት የኢትዮ ጃዝ ባንድ አይገባም። ባለፈው ዓመት ከኢትዮጵያ ባንድ ያስመጣ ፌስቲቫል ዘንድሮ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ፖስተር ሳታዩ አትጻፉ። የፆታ ሚዛንም አለ። ኪቼንጅ በተባለው እንቅስቃሴ ብዙ ፌስቲቫሎች ግማሽ በግማሽ ለማድረስ ቃል ገብተዋል፤ የባርሴሎናው ፕሪማቬራ ሳውንድ በ2019 አድርጎታል። ክራር ወይም ቤዝ የምትጫወት ሴት ካለቻችሁ ፎቶው ላይ መሣሪያዋን ይዛ ትታይ፤ ከኋላ ቆማ አይደለም።

አራተኛው የሌሎች ምስክርነት ነው። ኃይሉ መርጊያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1985 የሠራውን ካሴት ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አሳታሚ በ2013 እንደገና አወጣው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ሙዚቃው ሃያ ስምንት ዓመት ያው ነበር። የተለወጠው መራጩ የሚያምነው ሰው መሐል መግባቱ ነው። ኤጀንት ባይኖራችሁ እንኳ መራጩ የሚያውቀው አሳታሚ፣ የሬዲዮ ሰው ወይም ሌላ ፌስቲቫል ስማችሁን ቢጠራ ኢሜይሉ ይከፈታል።

5. ሒሳቡን ከነሱ በፊት ሥሩ

ብዙ የኢትዮጵያ ባንድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መራጩ ሙዚቃውን ወዶ ሳለ «ስንት ሰው ናችሁ?» ይላል፤ «14፣ ከተወዛዋዦች ጋር» የሚል መልስ ሲመጣ ይተወዋል።

ለምሳሌ እንዲህ እናስላው። ስድስት ተጫዋች፣ አንድ ሳውንድ ማን፣ አንድ ማናጀር፤ ስምንት ሰው። ትኬት ለአንድ ሰው 900 ዩሮ ብንል 7,200። የሸንገን ቪዛ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ፣ ለስምንት 720። አበል በቀን 40 ዩሮ ለ10 ቀን፣ 3,200። ድምሩ 11,120 ዩሮ ነው፤ ገና ለማንም ደመወዝ አልተከፈለም፣ የአገር ውስጥ መጓጓዣም አልገባም። 4,000 ዩሮ የሚከፍል አንድ ፌስቲቫል ይህን አይሸከምም። አንድ 5,000 እና ሦስት 3,000 የሚከፍሉ ካሉ ግን 14,000 ይሆናል።

ከዚያ ላይ ግብር ይቀነሳል። ለውጭ አገር ሙዚቀኛ ጀርመን 15 በመቶና የአብሮነት ጭማሪ፣ በድምሩ 15.825 በመቶ ትቀንሳለች፤ የእንግሊዝ መነሻ ቅነሳ 20 በመቶ፣ የአሜሪካ 30 በመቶ ነው። ከጀርመን 3,000 ዩሮ ላይ 474.75 ይነሳል። ስትደራደሩ «ይህ ክፍያ ከግብር በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አለመጠየቅ ግን ያስከፍላል።

ስለዚህ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ አንድ ጠንካራ ቀን፣ የተሻለ የሚከፍለውን፣ መጀመሪያ ያዙ። ከዚያ በሱ ዙሪያ በሁለት ሳምንትና በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ርቀት ላይ ላሉ ፌስቲቫሎች ጻፉ፦ «ጁላይ 5 እዚህ አገር ነን፤ ከ6 እስከ 14 ክፍት ነን።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለመራጭ ትልቅ ዜና ነው፤ የአውሮፕላኑን ወጪ ሌላው ሸፈነለት ማለት ነውና። ሁለት ዓይነት አሰላለፍም ይኑራችሁ፤ አንድ የ5 ሰው፣ አንድ የ9 ሰው። የአምስቱን በውጭ ከመሸጣችሁ በፊት በአገር ቤት ቢያንስ አሥር ጊዜ ተጫወቱበት።

6. የሚላከው ጥቅል

ኢሜይሉ ከ150 ቃል አይብለጥ። ርዕሱ ላይ የባንዱ ስም፣ ከተማው፣ የሙዚቃው ዓይነት፣ ክፍት ቀኖቹ ይግቡ። ቀጥሎ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ለየትኛው መድረክ እንደምታስቡና ለምን፤ ሙዚቃችሁ ምን እንደሚመስል በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ የቪዲዮው ሊንክ፤ የት ተጫወታችሁ፣ ስንት ሰው መጣ፤ ስንት ሰው ትጓዛላችሁ፤ የማናጀሩ ስልክ። «ሙዚቃችን የኢትዮጵያን ጥንታዊ ባህል ከዘመናዊው ጋር ያዋህዳል» የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ምንም አይናገርም። «በባቲ የተቃኘ የኤሌክትሪክ ክራር፣ ከባድ ቤዝ፣ ሁለት ከበሮ፣ ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ሰው አይቀመጥም» ብትሉ ይታያል።

ቪዲዮው የስቱዲዮ ክሊፕ አይሁን። ገጠር ሜዳ ላይ ከንፈር እያንቀሳቀሱ የሚጨፈርበት ክሊፕ ለአገር ቤት ቴሌቪዥን ይጠቅማል፤ መራጩን ግን ያስጠረጥረዋል። አንድ ካሜራ ይበቃል፤ ከፊት ቆሞ ሳይናወጥ የተቀረጸ፣ ድምፁ ከሚክሰር የተወሰደና በክፍሉ ድምፅ የታጀበ፣ ሰውም የሚታይበት። ሦስት አራት ደቂቃ። በአርማና በድሮን ምስል አትጀምሩ፤ ብዙ መራጭ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይወስናል።

ከሊንኩ ኋላ አንድ ፎልደር ይኑር፦ ሁለት የጥራት ፎቶ (አንድ አግድም፣ አንድ ቁም)፣ የ80 ቃልና የ250 ቃል መግለጫ፣ የመድረክ አቀማመጥ ሥዕል፣ የድምፅ መስመር ዝርዝር፣ የተጓዦች ስም በፓስፖርት አጻጻፍ። የአባት ስም አጻጻፍ ከሰነድ ሰነድ ከተለያየ (አንዱ ላይ በአንድ «a»፣ ሌላው ላይ በሁለት) ኋላ ኤምባሲ ላይ ትጋፈጡታላችሁ።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ዝምታ የዘንድሮ «አይሆንም» ነው፤ በሚቀጥለው ኦክቶበር እንደገና ጻፉ። ብዙ ባንድ የሚያዘው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዓመት ኢሜይል በኋላ ነው።

7. መድረኩ ላይ የሚያስጥለው

ቴክኒክ የምርጫው አካል ነው። በፌስቲቫል ላይ ሙሉ ሳውንድ ቼክ ብርቅ ነው፤ ባንድ ወርዶ ባንድ የሚወጣበት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ በዚያ ውስጥ የየመስመሩ ድምፅ መምጣቱ ብቻ ይታያል። የመስመር ዝርዝር የሌለው ባንድ ይህን ጊዜ ይበላል፤ የሚበላውም ከራሱ የመጫወቻ ሰዓት ነው።

ለባህላዊ አሰላለፍ ዘጠኝ መስመር ይበቃል። ከበሮ ሁለት ማይክ፤ አንዱ ለሰፊው አፍ፣ አንዱ ለጠባቡ። ቤዝ ክራርና ሊድ ክራር እያንዳንዳቸው አንድ ዲ.አይ. ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ በገመድ ወደ ሚክሰር የሚያስገባ ሣጥን)። ማሲንቆ አንድ ቅንጥብ ማይክ፣ ዋሽንት አንድ ማይክ፣ ድምፃዊ አንድ፣ ተቀባዮች ሁለት። የእያንዳንዱን ችግር ለማያውቅ የድምፅ ባለሙያ በአንድ መስመር ጻፉለት። ማሲንቆ ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ከፍ ሲደረግ ሞኒተሩ (ለተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር) ያፏጫል፤ ተጫዋቹን ከከበሮው አርቁት፣ ሞኒተሩን ከፊቱ ወደ ጎኑ አዙሩት ወይም በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ዋሽንት ሜዳ ላይ ነፋስ ይገባበታል፤ ለማይኩ ስፖንጅ ያዙ። ከበሮው ሰፊ አፉ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ቤዙን ይውጠዋል፤ የትኛው ከታች እንዲቀመጥ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

ክራር የራሱ ጣጣ አለው። ከሞቀ ድንኳን ወደ ቀዝቃዛ የምሽት አየር ሲወጣ ቆዳውም ክሩም ይለወጣል። ከዚያ ላይ ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ እየተቃኘ ሕዝቡ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቆሞ ከጠበቀ በ50 ደቂቃ ውስጥ አንድ ዘፈን ተበላ። ዘፈኖቹን በቅኝት ደርድሯቸው፤ ካልሆነ በሌላ ቅኝት የተቃኘ ሁለተኛ ክራር ይዘጋጅ።

ተወዛዋዦች ካሉ ከድምፃዊው ፊት ወይም ጎን ቢያንስ 3 በ4 ሜትር ባዶ ወለል በሥዕሉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ገመዱ በቴፕ ይለጠፍ። ከበሮ መቺው ከተወዛዋዡ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አለበት፤ ከኋላ ካስቀመጡት እስክስታው ከምቱ ይላቀቃል።

8. ኦፈርና ውል

መራጩ ሲወስን የሚልከው ኦፈር ይባላል፤ ቀን፣ መድረክ፣ የመጫወቻ ርዝመት፣ ክፍያ፣ ምን እንደሚሸፍን የያዘ አንድ ገጽ። ገና ውል አይደለም። ከዚያ በፊት «ቀኑን ያዙልኝ» ሊላችሁ ይችላል፤ ለሁለት አዘጋጆች ከያዛችሁ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሆነ ለሁለቱም ንገሩ። ይህን መደበቅ በጠባቧ የመራጮች ዓለም ውስጥ ቶሎ ይሰማል።

ውሉ ላይ ሳይነበብ መታለፍ የሌለበት፦ ቀብዱ ስንት ነው፣ መቼ ይገባል (ግማሹ በፊርማ ጊዜ፣ ቀሪው ከመድረክ በፊት መሆኑ የተለመደ ነው)፤ ቪዛ ቢከለከል የትኬቱን ኪሳራ ማን ይችላል፤ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ምን ይከፈላል፤ ቀረጻና ስርጭት ለስንት ዘፈን ነው፤ ቲሸርትና ሲዲ ስትሸጡ ምን ያህል ይወስዳሉ፤ የክልከላ አንቀጹ ርቀትና ጊዜ። መሰረዝ የማይመስል ነገር አይደለም፤ የ2016ቱ ሳውቲ ዛ ቡሳራ በገንዘብ እጥረት ሳይካሄድ ቀርቷል። ገንዘቡ የሚገባበትን የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጉዳይ ከባንካችሁ ጋር የምትጨርሱት ከመፈረማችሁ በፊት ነው።

9. ቪዛ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኤፕሪል 2024 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። የሁለተኛው ትርጉም ለባንድ ከባድ ነው። ጉዟችሁ ጀርመን፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቤልጂየም ከሆነ ወደ ለንደን ስትወጡ የሸንገኑ ቪዛ አለቀ። እንግሊዝን ከመጀመሪያው ወይም ከመጨረሻው ላይ አድርጉት። ማመልከቻው የሚገባው ረጅሙን ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ የጣት አሻራ ቀጠሮ ራሱ ወረፋ ስላለው ሦስት ወር ሲቀር ያልያዘ ዘግይቷል። የሸንገን ቪዛ በራሱ ተከፍሎ መጫወትን አይፈቅድም፤ የእያንዳንዱን አገር የአጭር ጊዜ የሥራ ሕግ ፌስቲቫሉ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ወደ አሜሪካ ለመግባት ባህላዊ ባንዶች የሚጠቀሙበት ፒ-3 የተባለው የቪዛ ዓይነት ነው። ማመልከቻውን የሚያስገባው እዚያ ያለ ስፖንሰር ወይም ኤጀንት ነው፤ የሙዚቃው ባህላዊ ልዩነት በባለሙያ ደብዳቤ ይደገፋል፤ በአንድ ማመልከቻ ከ25 ስም በላይ አይገባም። ከጸደቀ በኋላ ገና የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለ። አሥር ወር ቀድሞ መጀመር ብዙ አይደለም።

ከቡድኑ አንዱ ቢከለከልስ? ሁልጊዜ ይታሰብበት። ማሲንቆ ተጫዋቹ ቢቀር የሚጫወት የዘፈን ዝርዝር ቀድሞ ተለማምዶ ይቀመጥ። መከልከሉንም በዚያው ቀን ለመራጩ ንገሩት፤ ሰዓቷ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

10. ስልካችሁ ክፍት ይሁን

በ1970 በመጀመሪያው ግላስተንበሪ ኪንክስ ሲቀሩ በቦታቸው የተጫወቱት ቲራኖሶረስ ሬክስ ነበሩ። በ2015 የፉ ፋይተርሱ ዴቭ ግሮል እግሩን ሲሰበር ባንዱ ከግላስተንበሪ ቀረ፤ በፖስተሩ ላይ በዚያው የመድረክ ቀን ከሥሩ የነበሩት ፍሎረንስ ኤንድ ዘ ማሽን ወደ አናት ወጡ። በ2017 ቢዮንሴ ከኮቻላ ስትቀር ሌዲ ጋጋ ገባች። በትንንሾቹ መድረኮች ይህ በየዓመቱ ይደርሳል። በሽታ፣ የቪዛ ክልከላ፣ የተሰረዘ በረራ የተሞላውን ሠንጠረዥ ያፈርሳል፤ ያኔ መራጩ የሚደውለው ለበለጠው ባንድ ሳይሆን ለቅርቡ ነው።

በዚያ ሳምንት አውሮፓ ውስጥ ካላችሁ አሥር በምታህል መስመር ለሚያውቋችሁ መራጮች ጻፉ፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው የት ከተማ እንዳላችሁ፣ መኪና እንዳላችሁ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ዝቅተኛው ክፍያችሁ ስንት እንደሆነ። የመስመር ዝርዝሩን አያይዙ። ስልኩ ሲጮህ ለመመለስ ያላችሁ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚደውሉት ለሦስት ባንድ በአንዴ ነው። ማናጀሩ የአገሩን ሲም ካርድ ይያዝ፣ ማታም አያጥፋው፤ የቡድኑን ሁሉ ሐሳብ ሳይጠይቅ «እሺ» ለማለትም ቀድሞ ሥልጣን ይሰጠው።